የዳልቻ ሆድ

ታኅሣሥ ፬ ቀን ፲፰፻፶፪ ዓ.ም.

ብርድ። ከጉና የወረደው ንፋስ የምጽፍበትን ቀለም በቀንዱ ውስጥ አወፈረብኝ። እስከ ቀትር አንዲት ገጽ ብቻ ጻፍኩ። ወገቤ... ዓይኔ... ምኑን ልቁጠር። የደብሩ አለቃ መጽሐፉ ለግንቦት ልደታ ይድረስ ብለዋል። ይድረስ ማለት ቀላል ነው።

ከሰዓት ፀሐይ ሞቅ ስትል ደጅ ተቀምጬ የድመቷን የዳልቻን ቁንጫ ለቀምኩ። ትወዳለች። ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ትጋደምና ዓይኗን ትጨፍናለች፤ በዚህ ቤት የምትዝናና እሷ ብቻ ናት። ሆዷን ሳሻሽ አንድ ነገር ጣቴን ነካው። ጠጉሯን ገለጥ ባደርግ ምስር የምታህል ቀላ ያለች ነገር። መዥገር! በሁለት ጥፍሬ ያዝኩና ሳብኩ።

እጄን እስከ ክንዴ ቧጭራኝ አጥር ዘላ ሄደች። ጩኸቷን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

እንዲህ አጥብቆ የሚይዝ መዥገር አይቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ ፭

አልተመለሰችም።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፉ በተረፈ ቁራጭ ብራና ላይ ነው። ለማን? ለራሴ። አርባ ዓመት ሙሉ የሌላውን ቃል ስገለብጥ ኖርኩ። ቁራጩ እንኳ የእኔ ይሁን።

ዘነበች ብትኖር "ያቺን ድመት ምን አደረጓት?" ትለኝ ነበር። ድመቷ የሷ ናት። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ልጃችን የሺ ወደ ገሳይ ተድራ ሄደች። ከዘነበች እጅ ነፍስ ያለው ሆኖ እዚህ ቤት የቀረኝ ዳልቻ ብቻ ናት። እሷንም አባረርኩ።

ታኅሣሥ ፮

መጣች። ጠዋት ብነሳ ብራና መወጠሪያው ሥር ተጠቅልላ ተኝታለች። ከጎረቤት ወተት ለምኜ ሰጠኋት። ይቅርታ ያደረገችልኝ መሰለኝ፤ ወይም ርቧት ነው።

ቀስ ብዬ ሆዷን ዳሰስኩ። ያቺ መዥገር አለች። ከሷ በላይ ሌላ። በስተግራም ሌላ... ስቆጥር ስምንት። ስምንት እባጭ! ምን ዓይነት በሽታ ነው? ወደ ብራናውስ ይተላለፍ ይሆን? ደግሞ እሷ ከሞተች አይጡን ማን ይይዝልኛል? አይጥ ብራና እንደሚወድ ጸሐፊ ሁሉ ያውቃል።

ውሸቴን ነው። አይጡ አይደለም ያስጨነቀኝ።

ታኅሣሥ ፯

ፈንታነሽን ጠራኋት። የአጥር ጎረቤቴ ናት፣ ባሏ የሞተባት፤ ሁለት ላሞችና ዘጠኝ በጎች አሏት፣ አንድ ምላስ ደግሞ ለአሥር ሰው የሚበቃ። ከብት ሲታመም ሰው እሷን ይጠራል። የኔታ ነው የምትለኝ፤ ድሮ ልጆች ሳስተምር የወጣልኝ ስም ነው።

ዳልቻን አገላብጣ አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ መሬት ተቀመጠች። ስትስቅ ነጠላዋ ወደቀ።

"የኔታ፣ ከዚች ድመት ጋር ስንት ዓመት ኖሩ?"

"ሰባት።"

"በሰባት ዓመት ጡቷን አላዩም?"

ጎንበስ ብዬ ሆዷን አየሁ።

"ድመት ስምንት ጡት ነው ያላት። አራት በዚህ፣ አራት በዚያ። እንደ እርስዎ መስመር ትክክል ነው፣ ይዩት!"

እንግዲህ መዥገር ነው ብዬ በጥፍሬ የሳብኩት... እግዜር ይቅር ይበለኝ። ብትቧጭረኝ ሲያንሰኝ ነው።

ታኅሣሥ ፲፪

የሚካኤል ዕለት። ከቅዳሴ ስንወጣ ቄስ በላይነህ "መዥገሩ እንዴት ሰነበተ?" አሉኝ፤ ዲያቆናቱ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ፈንታነሽ ለአንድ ሰው ነገረች ማለት ለአገር ነገረች ማለት ነው። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ።

ታኅሣሥ ፳

ዛሬ ልቤ ደነገጠ። ልብ ብዬ ልጻፈው።

ብራና ከመጻፌ በፊት ግራና ቀኙን በወስፌ እበሳለሁ፤ ከብስ እስከ ብስ መስመር እጥላለሁ። ዓይኔ ቢደክምም ጣቴ መስመር ያውቃል። አሁን የዳልቻን ጡት ካወቅሁ ወዲህ ስዳስሳት እንደ ገጽ ነው የማነባት። አራት በቀኝ፣ አራት በግራ፣ እያንዳንዱ ከጓደኛው ፊት ለፊት። ለስለስ ያለ፣ ከቆዳው ጋር የሚሄድ።

በስተግራ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል፣ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ፣ ዘጠነኛ አለ። ጓደኛ የለውም። የገብስ ፍሬ ያህላል። ስገፋው አይሄድም። ቆዳው ይንቀሳቀሳል፣ እሱ እዚያው ነው። ከመስመር የወጣ።

ለፈንታነሽ ልንገራት? አንድ ጊዜ ሳቀችብኝ። አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ። "የኔታ ደግሞ ዘጠነኛ ጡት አገኙ" ሊባል ነው። አልነግራትም። ምናልባት ይጠፋል።

ታኅሣሥ ፳፰

ልደት። ደከመኝ።

ጥር ፪

አልጠፋም። መጠኑን በክር ለካሁና ትርፍራፊ ብራና ላይ በቀለም ክብ አድርጌ ሣልኩት። በየሳምንቱ ልሥል አሰብኩ። ካላደገ ዝም እላለሁ።

ካደገስ?

ጥር ፱

አድጓል። ሁለተኛው ክብ ከመጀመሪያው ይሰፋል። ትንሽ ነው... የእጄ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ቀለሙ ተንጠባጥቦ ይሆናል።

ጥር ፲፪

ከገሳይ የመጣ የጨው ነጋዴ መልእክት አደረሰኝ። የሺ ወለደች። ወንድ። እናትና ልጅ ደኅና ናቸው አለ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ልሂድ? እንዳልሄድ ጉልበቴ። እንዳልቀር ልጄ። መጽሐፉን ልጨርስ፣ ከዚያ እሄዳለሁ አልኩ። ዘነበች ብትኖር ዛሬውኑ በቅሎ ታስጭነኝ ነበር።

ጥር ፳፩

ሦስት ክብ ሆነ። የመጨረሻው ባቄላ ያህላል። ዳልቻ የሰጠኋትን አሽትታ ትተዋለች። ዛሬ አይጥ የአንዱን ብራና ጥግ በልቶ አገኘሁ፤ የጻፍኩት አንድ ዓምድ ሊቆረጥ ነው። እሷ ፀሐይ ላይ ተኝታ አይጡ አጠገቧ ሲያልፍ ዓይኗን ከፍታ አየችው፣ መልሳ ጨፈነች።

አልተቆጣሁም። ደክሟታል። እኔም በሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር።

የካቲት ፪

ቆርጬ ተነሳሁ። ሌሎቹ ማረሻ ያውቃሉ፣ ከብት ያውቃሉ። እኔ የማውቀው መጻፍ ነው። ስንቱ ሰው የእኔን ክታብ አንገቱ ላይ አስሮ ድኗል... ድኗል ብለውኛል።

ክታብ ባስርላት ነክሳ ትበጥሰዋለች። ስለዚህ እዚያው በላዩ ላይ ልጻፍ አልኩ። በብራና መፋቂያው ቢላ ጠጉሯን ላጨሁ። ዝም አለችኝ፤ ያ ነው ያሳዘነኝ። የጌታን ስም በቀይ ቀለም ጻፍኩ። ቅዱስ ስም በጥቁር አይጻፍም። ነጋዴ ከምጽዋ ያመጣልኝን ያንን ውድ ቀይ ዱቄት ሳልሰስት በጠበጥኩት፤ ደመቅ እንዲል ሁለት ጊዜ ደራረብኩ።

ፊደሉ አምሮ ወጣ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከወራት ወዲህ እንዲህ ያለ ፊደል አልጻፍኩም። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል።

የካቲት ፫

ጠዋት ብነሳ ስሙ የለም። ስሙ ወደ ውስጥ ገባ፣ በሽታውን ሊያወጣው ነው ብዬ ተጽናናሁ። እንደገና ጻፍኩ፤ አሁንም በቀይ።

ከሰዓት አስመለሳት። አፏ ለሀጭ በለሀጭ ሆነ። እግሯ ከዳት።

እባጩ ወደ ልቧ ሄደ ማለት ነው?

የካቲት ፬

ፈንታነሽን ጠራሁ። ቢሳቅብኝም ይሳቅብኝ።

አልሳቀችም። አፏን ከፍታ አየች። "ምላሷ ለምን ቀላ?" አለች።

"አላውቅም።"

"የኔታ፣ ምን ቀቧት?"

ነገርኳት። ድመት ሆዷ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እንደምትልስ ማን ያጣዋል? እኔ አጣሁት። ብዕሬን በጥቁር ስነክር ጫፉን በምላሴ አቀናለሁ፤ በቀይ ግን ፈጽሞ አልልስም። ያስተማሩኝ መምህር ገና ልጅ ሳለሁ "ቀዩን ወደ አፍህ አታስጠጋ፣ መርዝ ነው" ብለውኛል። አርባ ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ ለራሴ። ለሷ አላሰብኩላትም።

"እኮ ስሙን ነው የጻፍኩት" አልኳት። የሞኝ መልስ።

"ስሙንማ ጻፉ። በምን ጻፉት ነው የምልዎ።"

ለብ ባለ ውሃ ሆዷን አጠበች። ወተት በጣቷ እያጠቀሰች አፏ ውስጥ አንጠባጠበችላት፣ ከዚያ የቀለጠ ቅቤ። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ። ሆዷን ስታደርቅላት ጣቷ ዘጠነኛው ላይ ደረሰ። ቆመ። ወደ ግራ ገፋችው፣ ወደ ቀኝ ገፋችው።

"ይሄ መቼ ነው የወጣ?"

"ታኅሣሥ ላይ።"

"እንዴት አልነገሩኝም?"

"ትስቂያለሽ ብዬ።"

የካቲት ፮

ተረፈች። ጠዋት ወተቷን ጠጣች። ቀለሙ አልገደላትም።

ፈንታነሽ ልታያት መጥታ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ስለ እባጭ የምታውቀውን ነገረችኝ። በበግ ያየችውን፣ በላም ያየችውን። ከቆዳው ጋር የሚንሸራተት ለስላሳ እባጭ ብዙ ጊዜ ስብ ነው፣ ይተዉታል። ሲነኩት የሚያቃጥል፣ የሚያሳምም መግል ነው፤ ይበስላል፣ ይፈርጣል፣ ይድናል። እምብርት አካባቢ ሆኖ ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚገባ አንጀት ነው። የምታጠባ ጡት ላይ የሚቋጠር ወተት አለ፤ ሲያሹት ይላላል።

"ይሄኛውስ?"

"ይሄኛው ሥር አለው። እንደ ድንጋይ ነው፣ አያማትም። የማያመው ነው መጥፎው።"

ልትነሳ ነው ብዬ ሳስብ አልተነሳችም። መሬቱን እያየች "ዘነበችም እንዲህ ነበራት" አለች።

አልገባኝም። ምን አልሽ አልኳት።

"ገንዤ ያጠብኳት እኔ አይደለሁም? ግራ ጡቷ ላይ፣ የዶሮ እንቁላል ያህል። ቆዳው ጠቁሮ። በቀብሯ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን ይጠቅማል ብዬ ተውኩት።"

"ለምን ደበቀችኝ?"

ይህን ስል ተቆጥቼ ነበር። በሟች።

ፈንታነሽ ነጠላዋን አጣፋች። "ጠይቀዋት ነበር?" አለች።

የካቲት ፰

አልጠየቅኳትም።

አሁን አስታወስኩ። ይኸው እዚህ፣ ይህን የምጽፍበት ቦታ ላይ ተቀምጬ ነበር። መጣችና ከኋላዬ ቆመች። "አንድ ክታብ ይጻፉልኝ፣ ሰውነቴን አላምነውም" አለች። ቀና እንኳ አላልኩም። "እሺ፣ ይቺን ገጽ ልጨርስ" አልኩ። ጻፍኩላት። ለሰው ከጻፍኳቸው ሁሉ ያማረ ነበር፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በቀይ ቆዳ አሰፋሁላት። አንገቷ ላይ ሳስርላት ኮራሁ።

የት ነው የሚያምሽ አላልኩም። ሦስት ቀን ስጽፍ አንድ ቃል አልጠየቅሁም። ከዚያ ስድስት ወር አብረን ኖርን... አንድ አልጋ ላይ።

ክታቡ አብሯት ተቀብሯል።

የካቲት ፱

አልጻፍኩም።

የካቲት ፲፫

ዐቢይ ጾም ገባ። ለዳልቻ ወተት ልለምን ብሄድ ፈንታነሽ "የኔታ ጾሙን በመጀመሪያው ቀን ሊገድፉ ነው?" ብላ ቀለደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትቀልድ የመጀመሪያዋ ነው። "ድመት ምን ኃጢአት አላትና ትጹም" አልኳት። ቅሉን ሞልታ ሰጠችኝ።

መጋቢት ፭

እሸቴ መጣ። ከብት በጋለ ብረት የሚተኩሰው። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ፈንታነሽ አይደለችም፣ ምላለች። ብረቱን ከእሳቱ ዳር አስቀመጠ።

"ይያዟት የኔታ። ጫን ብሎ መተኮስ ነው። በሬስ ይድናል።"

ብረቱ ሲቀላ አየሁ። ያንን ቀይ ቀለም የመሰለ። ዳልቻን ታቅፌ ቆምኩ። ደግሞ አንድ ነገር ሊደረግ ነው፣ ደግሞ እኔ ደስ እንዲለኝ፣ "አደረግሁላት" እንድል። እሷ በእጄ ላይ ለስላሳ ነበረች፣ ትተነፍሳለች።

"በሬው ላይ የነበረው ሥር ነበረው?" አልኩት።

"ሥሩን ምን አውቃለሁ። እተኩሳለሁ እንጂ።"

አልፈቀድኩም። ተቀየመ። ብረቱን ውሃ ውስጥ ሲከተው የጮኸው ጩኸት ዳልቻን አስደነገጣት። ጠላ አቀረብኩለት፤ ጠጣና ሄደ።

ልክ አድርጌያለሁ? አላውቅም። ባስተኩሳት ምናልባት... ምናልባት የሚለው ቃል አደከመኝ።

መጋቢት ፲፮

ክብ መሣሉን ተውኩት። ለምን እለካዋለሁ? እጄን አስቀምጬባት ብቻ እቆያለሁ።

መጋቢት ፳፪

ቆዳው ተከፈተ። ይሸታል። በሞቀ ውሃና በጨው አጥባታለሁ፤ ስጨርስ እጄን ትልሰኛለች። ፈንታነሽ ማር ይቀቡላት አለች፣ ቀባሁ። ዝንብ እንዳይነካት ብራና መወጠሪያው አጠገብ አስተኝቼ በአንድ እጄ እሽ እላለሁ፣ በአንድ እጄ እጽፋለሁ። ፊደሉ አያምርም። ዓምዱ ተንጋደደ። አለቃ ሲያዩት ምን ይሉ ይሆን? ይበሉ።

"ይህን ሁሉ ለድመት?" ቄስ በላይነህ አሉኝ። ሰው በረሃብ በሚያልቅበት፣ ወታደር ባለፈበት መንገድ ጎተራ ባዶ በሆነበት ዘመን... እውነታቸውን ነው።

ሚያዝያ ፰

ትንሣኤ። ከበጉ ጉበት ትንሽ አኝኬ ሰጠኋት። በላች። ሁለት ጉርሻ። ፈንታነሽ "እንኳን አደረሰሽ" አለቻት፣ እንደ ሰው።

ሚያዝያ ፲፬

ዛሬ ከቀትር በፊት ዳልቻ ሞተች። ፀሐይ ላይ ነበረች። እጄ ሆዷ ላይ ነበር። መተንፈሷን ስታቆም ወዲያው አላወቅሁም፤ ትንሽ ቆይቼ ነው ያወቅሁት።

ከበሩ በስተቀኝ ቆፍሬ ቀበርኳት። መቆፈሪያውን ተደግፌ ቆሜ አለቀስኩ። ለድመት ብቻ እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። ፈንታነሽ በአጥሩ ላይ አየችኝ፤ ዞር አለችልኝ።

ሚያዝያ ፳፩

አይጦች ነግሠዋል። የብራናውን ጥቅልል ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀልኩት። ፈንታነሽ የድመት ግልገል ላምጣ አለች። ይቆይ አልኳት።

ግንቦት ፩

ልደታ። መጽሐፉ አልደረሰም። ለአለቃ ሄጄ ነገርኳቸው። "ምን ሆኑ?" አሉኝ። ድመቴ ሞተች ልል ነበር። "ደከመኝ" አልኩ። እስከ ሰኔ ሚካኤል ጨመሩልኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ እስከ ዛሬ አላወቅሁም ነበር።

ግንቦት ፮

የሺ መጣች። ሳልጠራት፣ ሳትልክ፣ ልጇን አዝላ ከገሳይ በእግሯ። እኔ እሄዳለሁ ስል ስንት ወር አለፈ። ባሏ እስከ መንገድ ሸኝቷት ተመለሰ፤ እርሻ ነው።

ልጁ ወፍራም ነው። የዘነበችን ግንባር ይዟል። አራት ወሩ ነው፤ ጢሜን ይዞ አልለቅም አለ። ብራና አሳየሁት፣ ሊበላው ፈለገ።

የሺ ግን ከሳች። የቀረበላትን ቆረስ አድርጋ ተወችው። ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ሰኔ ቀርቧል። ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

"አባዬ፣ አንድ ክታብ ይጻፉልኝ።"

እጄ ወደ ቀለሙ ቀንድ ሄዷል። በልማድ። ብዕሩን ነክሬያለሁ። "እሺ" ለማለት አፌን ከፍቻለሁ።

ብዕሩን አስቀመጥኩት። ዞርኩ።

"የት ነው የሚያምሽ?"

"ምንም... እንዲያው ይጻፉልኝ። ለጤና።"

"አልጽፍም። ንገሪኝ።"

እንዲህ አናግሬያት አላውቅም። ለአባት እንዴት ይነገራል፣ ለእናት እንጂ። አየኋት ይህን ስታስብ። ዓይኗ በበሩ ወደ ውጭ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ በስተግራ፣ "እዚህ... እንደ ድንጋይ ሆኗል" አለች። አለቀሰች።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። የቀለሙን ቀንድ ደፍቻለሁ፤ ገጹ ላይ ፈሷል፣ ኋላ ነው ያየሁት። ከአጥሩ ላይ ሆኜ "ፈንታነሽ! ፈንታነሽ!" ብዬ ጮህኩ። ዱቄት በእጇ እንዳለ መጣች። ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ እጇን ታጠበች።

እነሱ ውስጥ ገቡ። እኔ ልጁን ታቅፌ ደጅ ተቀመጥኩ። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ። ጸሎት ልጀምር ፈለግሁ፤ አንድ ቃል አልመጣልኝም፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ገልብጬ። ልጁ ጣቴን ይጠባል። ውስጥ ፈንታነሽ ትጠይቃለች፦ መቼ ጀመረሽ? ያምሻል? ሳሻሸው ያምሻል? የሺ ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልሳለች። የምትለው ግን አይሰማኝም። ምን ያህል ቆየሁ? ጥላው ከእግሬ እስከ ጉልበቴ ደርሷል።

የሺ አንድ ጊዜ ጮኸች። ልጁን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

ፈንታነሽ ብቅ አለች። እጇ እስከ አንጓዋ እርጥብ ነው።

"ያማታል የኔታ! በጣም ያማታል!" አለች እየሳቀች። ያበደች መሰለኝ። "ያቃጥላል፣ ያማል፣ ከእጄ ሥር ይንሸራተታል። ወተት ነው! የተቋጠረ ወተት። ሳሸው ላላ፣ ይኸው ፈሰሰ። ልጁ በአንድ ጡት ብቻ ሲጠባ ነው የኖረው። ያምጡት፣ ይጥባው፣ ከኔ ይልቅ እሱ ነው የሚያድናት።"

ልጁን ሰጠኋት።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የሺ ልጁን ታቅፋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሙቅ ጨርቅ ደረቷ ላይ ጣል አድርጋለች። ፊቷ ፈካ ብሏል። ፈርታ እንደነበር፣ ለባሏም እንዳልተናገረች፣ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ እንደመጣች ነገረችኝ። "ክታቡን ይዤ ዝም ብዬ ልመለስ ነበር ያሰብኩት" አለች። "እርስዎ ይጠይቁኛል ብዬ አልጠበቅኩም።"

የልጁን እግር በጣቴ ነካ አደረግሁ።

"እናቴንም እንዲህ ጠይቀዋት ነበር?"

ልታጽናናኝ ነው የጠየቀችው? ወይስ ሰው የሆነ ነገር ነግሯታል? አላውቅም። ዋሽቼ አዎ ማለት እችል ነበር። ማን ይመሰክርብኛል?

"አልጠየቅኳትም" አልኩ።

ከዚያ ሁሉን ነገርኳት። ክታቡን። ሦስቱን ቀን። ፈንታነሽ ስታጥባት ያየችውን። የሺ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ልጁን እስኪጠግብ አጠባችው፤ በዚህኛው፣ ከዚያም በዚያኛው። ሲጨርስ አፉን በነጠላዋ ጥግ ጠረገችለት። ከዚያ መልሳ እቅፌ ላይ አስቀመጠችው።